ቦዬ ላይ ጉማሬ እንዴት ይገኛል? ፎቶውስ እንዴት ይነሳል?

“ቦዬ ጉማሬ አለ ይባላል። ሄደን ግን ውሃና ሣር ብቻ አይተን ተመለስን። የት ቆመን ነው የምናየው?” ይህ ጥያቄ ከጅማ ልጆችም፣ ለሥራ ከመጡ እንግዶችም በየጊዜው ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ጻፍኩት።

ቦዬ ከጅማ ወጣ ብሎ በአዲስ አበባ መንገድ በኩል ያለ ረግረጋማ ቦታ ነው። ጉማሬውን ያላያችሁት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገር ነው። ሰዓቱ አልሆነም፤ ወይም ደግሞ ደርሳችሁ 10 ደቂቃ እንኳ ሳትቆዩ ሌላ ቦታ ፍለጋ ሄዳችኋል። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ከውሃው በላይ የሚታየው ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ብቻ ነው። ሲመሽ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ሲነጋጋ ወደ ውሃው ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ ጠባዩ የሚነሳ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ርቀቱን ማሳጠር ያለበት ሌንሱ ነው፤ እግራችሁ አይደለም። “ትንሽ ጠጋ ልበል” የሚለው ሐሳብ ሲመጣባችሁ የያዛችሁት ካሜራ የሚችለው እዚያ ድረስ ነው ማለት ነው። በዚያው ርቀት የሚሆነውን ፎቶ አንሡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የርቀት መነጽር (ባይኖኩላር)። 8 በ42 ወይም 10 በ42 (8 እና 10 ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42 የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊሜትር ያሳያል) ይበቃል። ካሜራ ባይኖራችሁ እንኳ ይህ አይቅር።
- 300 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሌንስ ያለው ካሜራ፣ ወይም ዙሙ አብሮት የተሠራ እንደ ኒኮን ፒ900 ያለ ካሜራ። ስልክ ብቻ ላላችሁ ደረጃ 8 ላይ እመጣለሁ።
- ትራይፖድ። ከሌለ ሩዝ ወይም በቆሎ የተሞላ የጨርቅ ከረጢት። ጉቶ ወይም አጥር ላይ አስቀምጣችሁ ሌንሱን ታሳርፉበታላችሁ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሥራው ግን ከቀላል ትራይፖድ ይሻላል።
- ቡትስ ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ። ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቡኒ ወይም ግራጫ ይሁን።
- የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት። ቦታው ረግረግ ነው፤ ትንኙ ጠዋትና ማታ ይበረታል።
- ሁለት ትልልቅ ፌስታል። ጅማ ላይ ዝናብ ሳይታሰብ ይመጣል፤ ካሜራውን ትሸፍኑበታላችሁ።
- የመጠጥ ውሃ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ።
- አብሯችሁ የሚሄድ ሰው። ይህን ከዕቃው ጋር የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው።

ማስጠንቀቂያ

ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ የዋህ ይመስላል። አይደለም። ያደገ ጉማሬ 15 ኩንታል ገደማ ይመዝናል፤ ወንዱ ከዚያም እጥፍ ሊሆን ይችላል። መሬት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ይህ ማለት 100 ሜትርን በ12 ሰከንድ ይጨርሳል ማለት ነው። እናንተ ጭቃ ላይ በቡትስ አታመልጡትም። ስለዚህ እነዚህ አምስት ነገሮች ለድርድር አይቀርቡም፦

- በጉማሬውና በውሃው መካከል በፍጹም አትቁሙ። ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውሃ ነው፤ መንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ ይደፈጥጣል።
- ጉማሬ የሚመላለስበትን መንገድ ተከትላችሁ አትሂዱ። እዚያ ላይ ተቀምጣችሁ አትጠብቁ።
- ከ100 ሜትር በታች አትቅረቡ። የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ያህል አስቡት።
- ውሃው ውስጥ አትግቡ፣ ታንኳ ላይም አትውጡ። ጉማሬው ባይኖር እንኳ አልቅትና ቢልሃርዚያ አለ።
- በጨለማ ዳርቻው ላይ አትገኙ።

ደረጃ 1፦ ወሩን ምረጡ

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ዝናቡ ያባራል፣ ውሃው ይሸሻል፣ ጉማሬዎቹ ጥልቅ ሆኖ በቀረው ቦታ ይሰበሰባሉ። ዳር ያለው ሣርም ስለሚያጥር ከሩቅ ማየት ይቻላል። ክረምት ላይ ግን ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ውሃውም በየቦታው ስለሚተኛ ጉማሬው የትም ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ረጅም ሣር ውስጥ 20 ሜትር ላይ ያለ ጉማሬ እንኳ አለመታየቱ ነው። በክረምት መሄድ ካለባችሁ ከዋናው መንገድ ዳር ካለ ከፍታ ላይ ሆናችሁ በመነጽር ብቻ እዩ።

ደረጃ 2፦ አንድ ቀን ቀድማችሁ ሰው ጠይቁ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ትልቁን ጊዜ የሚቆጥበው ግን እሱ ነው። ጉማሬው ትናንት ማታ የት እንደነበር የሚያውቁት ጨፌ ላይ ሣር የሚያጭዱት፣ ጡብ የሚሠሩት፣ ከብት የሚያግዱትና በቆሎ የሚጠብቁት ናቸው። በቆሎ የሚጠብቅ ገበሬ ሌሊቱን አድሮ ያየዋል። ከየት ወጥቶ በየት በኩል እንደተመለሰ ይነግራችኋል።

በኦሮምኛ መጠየቅ መልሱን ያቀለዋል። “አካም ቡልታን” (እንዴት አደራችሁ) ብላችሁ ሰላምታውን አስቀድሙ፤ ቀጥሎ “ሮቢን ኤሳ ጅራ?” (ጉማሬው የት ነው ያለው?) በሉ። ትልቅ ሰው ከሆኑ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ እንጂ ካሜራ እያወዛወዛችሁ አትጠይቁ። ሦስት ነገር ለይታችሁ ጠይቁ፦ ከውሃ የሚወጣበት ቦታ የት ነው? ግልገል ያላት አለች? ብቻውን የሚዞር ወንድ አለ? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁ ይወስናሉ።

የምትቆሙበት መሬት የሰው ማሳ ወይም ግጦሽ ሊሆን ስለሚችል ባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ። ቡድን ሆናችሁ ከሄዳችሁ ወይም ቪዲዮው ለሥራ ከሆነ ቀበሌውን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ ጉማሬውንም ወፉንም ይበትናል። ተዉት።

አንዳንዴ “ከሰሞኑ አላየነውም” ትባላላችሁ። እመኑ። በጅማ የሚያልፈው አዌቱ የሚወርደው ወደ ግልገል ጊቤ ነው፤ ጉማሬም ውሃ ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። ሌላ ሳምንት ሞክሩ።

ደረጃ 3፦ 1 ሰዓት ላይ ድረሱ፤ አትቅደሙ

ጅማ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12፡10 እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች። ፎቶ አንሺ ሁሉ ከዚያ ቀድሞ መድረስ ይፈልጋል። እዚህ ግን አይሆንም። ጉማሬው ከግጦሽ የሚመለሰው በዚያው ሰዓት ስለሆነ በድንግዝግዝ ስትሄዱ በመንገዱ ላይ ትገናኛላችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መሬቱ በደንብ ይታያል፤ ጉማሬውም በአብዛኛው ውሃው ውስጥ ገብቷል። ብርሃኑ ደግሞ እስከ 2፡30 ድረስ ለስላሳ ነው።

ከ3፡30 በኋላ ፎቶው እየደከመ ይሄዳል። ፀሐይ ውሃውንና ጭቃውን ስታሞቀው ከላዩ ያለው አየር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በረጅም ሌንስ ስታዩ ምስሉ የሚርገበገበው ለዚያ ነው። ሌንሳችሁ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ያንን አያስተካክልም። ለማየትና ለመቁጠር ግን ቀኑን ሙሉ መቆየት ይቻላል።

ከሰዓት በኋላ ከመረጣችሁ ከ9፡30 እስከ 11 ሰዓት ጥሩ ነው።

ባጃጁን ዋናው መንገድ ላይ አቁሙ። ሹፌሩ እስክትወጡ ድረስ እንዲጠብቅ ወይም በተቀጠረ ሰዓት እንዲመለስ ተስማሙ። ጥሩምባና ሙዚቃ እዚያው ይቅር።

ደረጃ 4፦ ከውሃው በፊት መሬቱን አንብቡ

ደርሳችሁ ወዲያው ወደ ውሃው አትመልከቱ። መሬቱ ሌሊቱን የሆነውን ይናገራል። ይህን የምታደርጉት ለሁለት ነገር ነው፤ ጉማሬው በየት በኩል እንዳለ ለማወቅ፣ እና የእሱን መንገድ ለይታችሁ ከዚያ ለመራቅ።

*መንገዱ።* ጉማሬ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ግራና ቀኝ እግሮቹ ተራርቀው ይረግጣሉ። ስለዚህ መንገዱ ሁለት ጎድጓዳ መስመር ይሠራል፤ መሀሉ ላይ ሣር የያዘ ጉብታ ይቀራል። የከብት መንገድ ግን አንድ ወጥ ጎድጓዳ ነው። ይህን አንዴ ካያችሁት ሁለተኛ አትሳሳቱም።

*ኮቴው።* አራት ጣት አለው፤ አራቱም ወደ ፊት የተበተኑ ናቸው። የከብት ኮቴ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው።

*ፋንድያው።* ጉማሬ ሲጥል ጅራቱን በፍጥነት እያወናጨፈ ይረጨዋል። ቁጥቋጦ ላይ፣ የሣር አናት ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ቃጫ የበዛበት፣ ሻካራ ነው። በዚህ ክልሉን ምልክት ያደርጋል።

*ሣሩ።* በከንፈሩ ነቅሎ ስለሚግጥ የጋጠበት ቦታ ተስተካክሎ የታጨደ ይመስላል። አንድ ጉማሬ በሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሣር ሊበላ ስለሚችል ቦታው ትንሽ አይሆንም።

አሁን ትኩስ መሆኑን ለዩ። ጠዋት ሣሩ ላይ ጤዛ አለ። መንገዱ ላይ ያለው ሣር ጤዛው ረግፎ ጠቆር ብሎ ከታየና ግራና ቀኙ ግን በጤዛ ነጭ ከሆነ፣ ከነጋ ወዲህ ወይም ጎህ ሲቀድ አልፏል። በመንገዱ ላይ ከሣር ሣር የተዘረጋ የሸረሪት ድር ካለና ጤዛው እንደ ጨሌ ከተደረደረበት ሌሊቱን ማንም አላለፈም። መንገዱ ውሃው ጋ የሚደርስበትን ደግሞ በመነጽር እዩ። ሌላው ውሃ ጠርቶ እዚያ ብቻ ከደፈረሰ ጉማሬው ገና መግባቱ ነው።

ይህን ሁሉ የምታዩት ከመንገዱ ጎን ቆማችሁ ነው። መንገዱን መሻገር ካለባችሁ ግራ ቀኝ አይታችሁ ቶሎ ተሻገሩ።

ደረጃ 5፦ የምትቆሙበትን ቦታ ለዩ

አራት ነገር በዚህ ቅደም ተከተል አስቡ፦

ሀ) ማምለጫ። ከኋላችሁ ከፍ ያለ መሬት፣ ወፍራም ዛፍ ወይም የቆመ መኪና ይኑር። መውጫችሁን አብሯችሁ ላለው ሰው በጣት አሳዩት። ሲያስፈልግ የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ለ) ከፍታ። ሁለት ሜትር እንኳ ከፍ ማለት ትልቅ ለውጥ አለው። ዝቅ ካላችሁ ሣሩና ቄጠማው ይከልላችኋል፤ የካሜራውንም ትኩረት ይሰርቃል።

ሐ) ንፋስ። ጉማሬ ሽታ በደንብ ይለያል። ደቃቅ አፈር ከእጃችሁ ልቀቁ። አቧራው ወደ ውሃው ከሄደ ቦታ ቀይሩ፤ ወደ እናንተ ከመጣ ጥሩ ነው።

መ) ፀሐይ። ጠዋት ከውሃው በስተምሥራቅ፣ ከሰዓት በስተምዕራብ ሁኑ። ፀሐይ ከኋላችሁ ትሆናለች፤ የዓይኑ ብልጭታም ይታያል።

አራቱም አንድ ላይ ላይገጥሙ ይችላሉ። ፀሐዩንና ንፋሱን ልትሠዉ ትችላላችሁ፤ ማምለጫውን ግን አትሠዉም።

ደረጃ 6፦ ተቀምጣችሁ ቃኙ

ስልኩን ዝም አሰኙ። ተቀመጡ። ለ30 ደቂቃ ከቦታችሁ እንዳትነሱ። ይህን የምላችሁ ጉማሬ ጠልቆ 5 ደቂቃ ያህል ሊቆይ ስለሚችል ነው። ተኝቶም ቢሆን ራሱን ብቅ አድርጎ ተንፍሶ ይመለሳል። ስለዚህ ባዶ የመሰለ ውሃ ሦስት ጉማሬ ሊኖረው ይችላል። 10 ደቂቃ ሳይሞላው የሚነሳ ሰው ያያቸው ሊሆን የሚችለው በዕድል ብቻ ነው።

አቃኘቱ እንዲህ ነው። ውሃውን በዓይናችሁ በሦስት ወይም በአራት ክፍል ክፈሉት። እያንዳንዱን ክፍል ከግራ ወደ ቀኝ በመነጽር ቀስ ብላችሁ ሂዱበት። የምትፈልጉት ሙሉ እንስሳ አይደለም፦

- የተኛ ግንድ ወይም ድንጋይ የመሰለ ጉብታ፣ ከፊቱ ሁለት ትንንሽ ጉብ ያሉ ነገሮች ያሉት። ጉብታው ዓይንና ጆሮ ያለበት ራሱ ነው፤ ከፊቱ ያሉት ሁለቱ አፍንጫው ናቸው።
- የጆሮ እንቅስቃሴ። ጉማሬ ብቅ ሲል ጆሮው ውስጥ የገባውን ውሃ ለማራገፍ ጆሮውን በፍጥነት ያሽከረክራል። የውሃ ጠብታው በጠዋት ፀሐይ ብልጭ ይላል። ከሩቅ መጀመሪያ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው።
- ድምፅ። ሲወጣ በአፍንጫው “ፉፍ” ብሎ ውሃ ይረጫል። አንዱ ሲያጓራ ሌላው ይቀበለዋል፤ ይሄኔ ስንት እንደሆኑም መገመት ትጀምራላችሁ።
- ንፋስ ሳይኖር የሚሄድ ማዕበል ወይም ተከታታይ አረፋ።
- ውሃ መሀል “ድንጋይ” ላይ የቆመች ወፍ። ድንጋዩን ደጋግማችሁ እዩት።

አንዱን ካገኛችሁ ሰዓት ያዙ። ሲጠልቅ ሰዓቱን ጻፉ፤ ሲወጣ እንደገና ጻፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረጋችሁት ልማዱን ታውቁታላችሁ፤ ካሜራውን የምትደግኑበት ደቂቃም ይለያል። የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከጠለቀበት ብዙ ሳይርቅ ነው።

ስትቆጥሩ ራሶችን አትደምሩ። አሁን እዚህ ያያችሁት ከደቂቃ በኋላ እዚያ ሊወጣ ይችላል። በ20 ደቂቃ ውስጥ በአንድ ጊዜ አብረው የታዩትን ትልቁን ቁጥር ያዙ።

ደረጃ 7፦ ካሜራውን አዘጋጁ

ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መካከለኛ መጠን የሆነ ካሜራ በ400 ሚሊሜትር ሌንስ 100 ሜትር ላይ የሚይዘው 6 ሜትር ገደማ ወርድ ነው። ያደገ ጉማሬ ርዝመቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ከዚያ ርቀት ሙሉ አካሉ ይገባላችኋል፤ ራሱ ብቻ ከታየ ደግሞ ዙሪያው ያለውን ውሃና ቄጠማ የፎቶው አካል አድርጉት። ፊቱን ብቻ ለመሙላት መሞከር ነው ሰውን ወደ ውሃው የሚጎትተው።

ሹተር ስፒድ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ በሰከንድ)፦ ዝም ብሎ ሲተኛ 1/500፤ አፉን ሲከፍት፣ ሲጣላ ወይም ጆሮውን ሲያራግፍ 1/1000 እና ከዚያ በላይ። ረጅም ሌንስ ትንሿን የእጅ መንቀጥቀጥ ያጎላታል። ከረጢቱ ላይ ካሳረፋችሁት 1/250 ድረስ መውረድ ትችላላችሁ።

ቀዳዳው (አፐርቸር)፦ ኤፍ5.6 ወይም ኤፍ8።

አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፦ ጠዋት 800 ወይም 1600። አትፍሩት። ሸካራ ፎቶ ይስተካከላል፤ የተንቀጠቀጠ አይስተካከልም።

ብርሃን፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይበላሽበታል። ውሃው ሰማዩን አንጸባርቆ ነጭ ከሆነ ካሜራው ይታለላል፤ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ጉማሬውም ጥቁር ጥላ ይሆናል። ኤክስፖዠሩን (የብርሃን ማስተካከያውን) +0.7 ወይም +1 አድርጉ። ውሃው ዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ከጠቆረ ተቃራኒው ይሆናል፤ የእርጥብ ቆዳው ብልጭታ ይነጣል። ያኔ -0.7 አድርጉ። አንድ ፎቶ አንሥታችሁ ስክሪኑን እዩ፣ አስተካክሉ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ትኩረት፦ አንድ ነጥብ ብቻ ምረጡና ዓይኑ ላይ አድርጉት። ለካሜራው ከተዋችሁለት ፊት ያለውን ቄጠማ ይይዛል።

ፍላሽ አጥፉ። 100 ሜትር ላይ አይደርስም፤ እንስሳውን ግን ሊያስደነግጥ ይችላል። የሹተሩንም ድምፅ ካሜራችሁ ከፈቀደ ዝም አሰኙ።

የተከፈተ አፍ ሁሉም የሚመኘው ፎቶ ነው። ለዚያ በተከታታይ የሚያነሳውን ምርጫ አድርጉና ራሱ ከፍ ማለት ሲጀምር ተጫኑ። አፉ እስኪከፈት ከጠበቃችሁ ያመልጣችኋል። በፎቶው ላይ ቆዳው ቀላ ያለ ወይም ሮዝ መስሎ ከታየ አትደንግጡ፤ ቁስል አይደለም። ቆዳው ከፀሐይ የሚከላከልለት ቀይ ፈሳሽ ያመነጫል። ቀለሙን በኤዲቲንግ አታጥፉት።

ደረጃ 8፦ ስልክ ብቻ ላላችሁ

የስልክ ዋናው ካሜራ 100 ሜትር ላይ ከ130 ሜትር በላይ ወርድ ይይዛል። ጉማሬው ነጥብ ነው የሚሆነው። በጣት መጎተት (ዲጂታል ዙም) ነጥቧን ያሰፋታል እንጂ አያጠራትም።

መፍትሔው መነጽሩ ነው። መነጽሩን ከረጢቱ ላይ አሳርፉ። መጀመሪያ በዓይናችሁ ጉማሬውን መሀል አድርጉና አጥሩ። የዓይን ማረፊያውን ላስቲክ ወደ ውስጥ አስገቡ። የስልኩን ዋና ካሜራ ዙም 1 ላይ አድርጋችሁ በአንዱ ቀዳዳ ላይ ግጠሙት፤ ሌላው እጃችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ይያዝ። ጥቁር ክብ ከታየ ስልኩን በጥቂት ሚሊሜትር አርቁ ወይም አቅርቡ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጉማሬውን ተጭናችሁ ያዙ፤ ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋል። በ3 ሰከንድ ታይመር አንሡ፣ ጣታችሁ ሲጫን እንዳያነቃንቀው።

ቪዲዮም ቅረጹ። ድምፁ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው።

ደረጃ 9፦ ጠባዩን እያነበባችሁ ቆዩ

ሁሉም ተረጋግተው ከተኙና ጆሯቸው ወዲያ ወዲህ ካለ ሰላም ነው። ሁሉም ወደ እናንተ ዞረው ጆሯቸውን ካቀኑ አይተዋችኋል፤ እንቅስቃሴ አቁሙ። አፉን በሰፊው ደጋግሞ እየከፈተ ወደ እናንተ ከዞረ ማዛጋት አይደለም፤ ጥርሱን እያሳያችሁ ነው። ራሱን እያወናጨፈ ውሃ ከረጨ፣ ወይም ጠልቆ ማዕበሉ ወደ ዳር ከመጣ ፎቶውን ተዉት። ፊታችሁን ወደ እሱ እንዳደረጋችሁ፣ ሳትሮጡ፣ ወደ ከፍታው ወደ ኋላ ውጡ። ከውሃው ከወጣ ግን ወደ ዛፉ ወይም ወደ መኪናው ሩጡ።

ግልገል ያላት እናት ካለች 100 ሜትሩን ወደ 150 አድርጉት።

ደረጃ 10፦ 11፡30 ላይ ከዳርቻው ውጡ

ፀሐይ ከ12፡10 እስከ 12፡55 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ጉማሬውም መንቀሳቀስ የሚጀምረው ያኔ ነው። የመጨረሻው ብርሃን ያማልላል። ቢሆንም ውጡ። ስትመለሱ የመጣችሁበትን መንገድ ተከተሉ፤ አቋራጭ አትሞክሩ።

ባጃጁ ውስጥ ሆናችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ቁጥሩን፣ ግልገል መኖር አለመኖሩን ጻፉ። ይህ ማስታወሻ በዓመት ውስጥ ሲጠራቀም ከፎቶው ይበልጣል። ለወረዳው የዱር እንስሳት ባለሙያ ወይም ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ክፍል ብትሰጡት ይጠቅማቸዋል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

*ድንጋይ መወርወር።* ራሱን እንዲያነሳ ተብሎ ይደረጋል። ጉማሬው ጠልቆ ይቆያል፤ ወይም ይቆጣል። እረኛ ልጅ ሊያግዛችሁ ብሎ ቢወረውር በደግ ቃል አስቁሙት። ለዚያ ብላችሁ ብር አትስጡ፤ በነገታው ለሚመጣው ሰውም ይለመዳል።

*ነጭ ነጠላ ወይም ደማቅ ቲሸርት ለብሶ መሄድ።* አረንጓዴ መሀል ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ከሩቅ ይለያል።

*ተሰብስቦ መሄድ።* ከአራት ሰው በላይ ዝም ማለት አይችልም።

*በመጀመሪያው ፎቶ ተደስቶ ማቆም።* የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ሁሌም ጀርባና ጆሮ ናቸው። ጥሩው የሚመጣው ጉማሬው ሲረሳችሁ ነው።

*ቦታውን በትክክል መለጠፍ።* ጉማሬ በፈረንጆቹ 2006 በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ላይ “ለአደጋ የተጋለጠ” ተብሎ ተመድቧል። ለሥጋውና ለጥርሱ ይታደናል። ከውሃ የሚወጣበትን ቦታ ለሕዝብ መንገር ለአዳኝም መንገር ነው። የስልካችሁ ካሜራ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ፎቶው ላይ ቦታ እንዳይመዘግብ አጥፉት። አይናቹራሊስት (የእንስሳትና የዕፅዋት ፎቶ የሚመዘገብበት ድረ ገጽ) ላይ የምትጭኑ ከሆነ ቦታውን የሚያደበዝዘውን ምርጫ ተጠቀሙ። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ላኩት። እንደ ፋይል ከላካችሁት የተመዘገበው ቦታ ከፎቶው ጋር አብሮ ይሄዳል።